በአነስተኛ ብርሃን የሚለመልም አኳሪየም፦ አተካከሉ፣ እንክብካቤው እና ከመስታወቱ ውጭ ያለው ኃላፊነት

በቤት ውስጥ አኳሪየም የውሃ ዕፅዋትን ስለማልማት ሲነሳ ብዙዎች የሚታያቸው ውድ መብራት፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር እና በየዕለቱ የሚጨመር ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው። ነገር ግን በተፈጥሯቸው በጥላ ስር፣ በደን በተሸፈኑ ጅረቶች ዳርና በድንጋዮች ላይ መኖርን የለመዱ ዕፅዋት አሉ። እነዚህን የያዘ የመስታወት ገንዳ በአንዲት አነስተኛ መብራት፣ በጥቂት ዓሦች እና በመደበኛ የውሃ ቅየራ ለዓመታት ሊለመልም ይችላል።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥባቸውና የአኳሪየም ቁሳቁስ እንደልብ በማይገኝባቸው የአፍሪካ ቀንድና የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ይህ ዓይነቱ አኳሪየም ተመራጭ የሚሆንበት በቂ ምክንያት አለው። ዕፅዋቱ ቀስ ብለው ስለሚያድጉ ስህተትን ይታገሣሉ፤ ለአንድ ቀን የጠፋ መብራትም አይጎዳቸውም።

ይሁንና አነስተኛ ብርሃን ማለት እንክብካቤ የማይሻ ማለት አይደለም። በጀማሪዎች እጅ የሚሞቱ ዓሦች በአብዛኛው የሚያልቁት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ውሃው ኩልል ብሎ በሚታይበት ጊዜ ነው። ከቤት ወጥቶ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ቅንጣቢ ተክል ደግሞ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከጣና እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አነስተኛ ብርሃን ሲባል ምን ማለት ነው?

ዕፅዋት በብርሃን አስተጻምሮ ምግባቸውን ሲያዘጋጁ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይፈልጋሉ፦ ብርሃን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና እንደ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ብረት ያሉ ንጥረ ነገሮች። ከእነዚህ አንዱ ካነሰ የሌሎቹ መብዛት ዕድገትን አያፋጥንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በሰፊው ያስተዋወቀው ይህ መርህ፣ የሰብል ምርት የሚወሰነው እጅግ ባነሰው ንጥረ ነገር ልክ ነው ይላል። መርሁ ለእርሻ ማሳ እንደሚሠራ ሁሉ ለመስታወት ገንዳም ይሠራል።

ብርሃንን ከድስት ስር እንደሚነድ እሳት አድርጎ ማሰብ ይቻላል። እሳቱ በበረታ ቁጥር ድስቱ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይጨመርልኝ ይላል። ካልተጨመረለት ያራል። በጠንካራ ብርሃን ስር ያሉ ዕፅዋትም እንዲሁ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ ካላገኙ ዕድገታቸው ይገታል፤ የተረፈውን ብርሃን ዋቅላሚ ወይም አልጌ ይጠቀምበታል። በጠንካራ ብርሃን የሚለሙ አኳሪየሞች ባለቤቶች በአንድ ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 30 ሚሊግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲኖር ጋዝ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። በአነስተኛ ብርሃን ግን ከአየር ወደ ውሃው የሚገባው፣ ዓሦች የሚተነፍሱት እና ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ጋዝ ለዕፅዋቱ ይበቃል።

ባለሙያዎች ዕፅዋት የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚለኩት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ በሚያርፍ የብርሃን መጠን ነው። በገንዳው ወለል ላይ ከ15 እስከ 30 ማይክሮሞል የሚደርስ ብርሃን በአብዛኛው በአነስተኛ ብርሃን ይመደባል። መለኪያ መሣሪያው የሌለው ሰው በሉመን ሊያሰላ ይችላል፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሉመን ጥሩ መነሻ ነው። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል። ለዚህ ከ500 እስከ 1,000 ሉመን የሚሰጥ ነጭ የኤልኢዲ መብራት በቂ ነው። ይህም ከ6 እስከ 10 ዋት አካባቢ የሚፈጅ ተራ የቤት አምፖል ማለት ነው።

መብራቱ የሚበራበት ጊዜ ከጥንካሬው ያላነሰ ወሳኝ ነው። ለጀማሪ በቀን ስድስት ሰዓት፣ ገንዳው ከተረጋጋ በኋላ ደግሞ እስከ ስምንት ሰዓት ይመከራል። መብራቱን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር መጠቀም ከሰው ትውስታ ይሻላል። ገንዳውን በመስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ግን አይመከርም። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ አገራት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በቀን ለ12 ሰዓት ገደማ ስለምትቆይ በቀጥታ የሚያርፈው ጨረር ውሃውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ሊያደርገው ይችላል።

ሚዛናዊው ገንዳ ከየት መጣ?

ዓሦችና ዕፅዋት በአንድ ገንዳ ውስጥ ተደጋግፈው እንዲኖሩ የማድረግ ሐሳብ ዘመናዊ መብራትን ይቀድማል። እአአ በ1850 የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ወርቅማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከተባለ የውሃ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ስላኖረበት ሙከራ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ተክሉ ዓሦቹ የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ኦክስጅን ይመልስላቸዋል የሚለው ሐሳብ በተግባር ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ግን የሚበሰብሱት አሮጌ ቅጠሎች ውሃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተን መፍትሔውን ያገኘው የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችን ሲጨምር ነው።

ከዚህ ሙከራ የሚወሰደው ትምህርት ዛሬም አልተለወጠም። ሚዛኑ የሚጠበቀው በዓሣና በተክል ብቻ ሳይሆን፣ የሞተውን ወደ ጥቅም በሚመልሱ ፍጥረታትም ጭምር ነው። እአአ በ1999 አሜሪካዊቷ ዳያና ዋልስታድ በዕፅዋት የተሞላ አኳሪየምን ሥነ ምኅዳር በሚመለከት ያሳተመችው መጽሐፍም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ከጠጠር ስር በተነጠፈ ተራ አፈር፣ በብዙ ዕፅዋት እና በጥቂት መሣሪያ ገንዳን ማቆየት እንደሚቻል በማስረዳቷ ሥራዋ በዝቅተኛ ወጪ ለሚያለሙ ሰዎች ዋና መመሪያ ሆኗል።

የትኞቹ ዕፅዋት ይመረጣሉ?

በአነስተኛ ብርሃን ከሚለሙት ዕፅዋት መካከል ሁለቱ የአፍሪካ ተወላጆች ናቸው።

አኑቢያስ፦ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ሞቃታማ ደኖች ውስጥ፣ በጅረቶች ዳር በድንጋይና በወደቀ ግንድ ላይ ይበቅላል። እአአ በ1857 ስሙን የሰጠው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሃይንሪክ ሾት ሲሆን፣ ስያሜው በጥንታዊቷ ግብፅ የሙታን ዓለም አምላክ ከነበረው አኑቢስ የመጣ ነው። ወፍራምና ጠንካራ ቅጠል ስላለው ተክል የሚነቅሉ ወይም የሚበሉ ዓሦች ባሉበት ገንዳም ይጸናል። በጣም ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አንድ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል።

ቦልቢቲስ፦ የአፍሪካ የውሃ ፈርን በመባል የሚታወቀው ይህ ተክል ከኢትዮጵያ እስከ ሴኔጋል፣ ወደ ደቡብም እስከ ሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ ባሉ ጅረቶች ውስጥ ይገኛል። ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ቅጠል አለው። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በቀስታ የሚነካው ቦታ ይስማማዋል።

ጃቫ ፈርን፦ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ተክል ሲሆን ለጀማሪ ከሚመከሩት ሁሉ ቀዳሚው ነው ማለት ይቻላል። ከቅጠሉ ጀርባ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ በሽታ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ተክሉ የሚራባባቸውን ስፖሮች የያዙ ናቸው። በአሮጌ ቅጠሎች ጫፍ ላይም ሥር ያላቸው ትናንሽ ተክሎች ይወጣሉ።

ክሪፕቶኮሪን፦ ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ፣ በሥሩ አማካይነት ከአፈር የሚመገብ ተክል ነው። ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉ በቀናት ውስጥ ሟሙቶ ሊያልቅ ይችላል። ይህ ብዙ ጀማሪዎች ተክሉን ነቅለው እንዲጥሉ ያደርጋቸዋል። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ግን በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ አዲስ ቅጠል ስለሚያወጣ ሳይነኩ መታገሥ ይበጃል።

ጃቫ ሞስ፦ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ በክር ሲታሰር ተጣብቆ የሚያድግ የውሃ ሽበት ነው። ለዓሣ ጫጩቶችና ለትናንሽ ሽሪምፖች መሸሸጊያ ይሆናል።

አኑቢያስ፣ ቦልቢቲስ እና ጃቫ ፈርን እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው። ይህ ግንድ በጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ቅጠሎቹም አንድ በአንድ ይረግፋሉ። በመሆኑም በጥጥ ክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጉማጅ ጋር ታስረው ሥራቸው ራሱ እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለመሸጥ የሚቀርቡ ብዙ ተክሎች ቅጠላቸው ከውሃ በላይ ሆኖ ያደጉ ናቸው። ወደ ውሃ ሲገቡ አሮጌው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መውደቁ የተለመደ ነው። ስለ ተክሉ ጤንነት የሚመሰክረው ከገባ በኋላ የሚያወጣው አዲስ ቅጠል ነው።

ገንዳው፣ ወለሉ እና ውሃው

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። 54 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከጠጠሩና ከመስታወቱ ጋር ወደ 70 ኪሎ ግራም ስለሚደርስ ጠንካራና የተስተካከለ ማስቀመጫ ይሻል። የኤሌክትሪክ ገመዶች ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ከተንጠለጠሉ በኋላ ወደ ላይ እንዲመለሱ መደረግ አለባቸው። ይህም በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ታች እንዲንጠባጠብ ያደርጋል። እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊትም ኤሌክትሪኩን መንቀል ተገቢ ነው።

ለወለሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በደንብ የታጠበ ደቃቅ ጠጠር ወይም ሻካራ አሸዋ ይበቃል። ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ኮምጣጤ ቢንጠባጠብበት ይመረጣል። ከፈላ ወይም አረፋ ከሠራ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የውሃውን ጥንካሬና ፒኤች ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል።

የቧንቧ ውሃ ለሰው ጤና ሲባል የሚታከምበት ክሎሪን የዓሦችን ስንጥብ ይጎዳል፤ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። በሰፊ ዕቃ ለ24 ሰዓት ክፍት ሆኖ የቆየ ውሃ አብዛኛውን ክሎሪን ያጣል። የውሃ አቅራቢው ክሎሪንን ከአሞንያ ጋር አዋህዶ የሚጠቀም ከሆነ ግን ማቆየት ብቻ አይበቃም፤ ማርከሻ ፈሳሽ ያስፈልጋል።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ከፍተኛ ፒኤች አላቸው። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ አሞንያ ይበልጥ መርዛማ ስለሚሆን የዓሦቹን ቁጥር መቀነስ ያስፈልጋል። ውሃውን በኬሚካል ለመለወጥ ከመታገል ይልቅ ለውሃው የሚስማማ ዓሣ መምረጥ ይቀላል። ለምሳሌ ጋፒ የተባለው ትንሽ ዓሣ ጠንከር ያለ ውሃን በደንብ ይቋቋማል።

ዓሣ ከመግባቱ በፊት ለምን ስድስት ሳምንት ይጠበቃል?

ዓሣ የሚበላው ምግብ፣ የሚያስወጣው ቆሻሻ እና የሚበሰብስ ቅጠል ሁሉ መጨረሻቸው አሞንያ ነው። አሞንያ በጥቂቱም ቢሆን ስንጥብን ያቃጥላል። ናይትሮሶሞናስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች አሞንያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ገዳይ ነው። እንደ ናይትሮስፒራ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይትን እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይቀይሩታል። ዕፅዋት ሦስቱንም ለምግብነት ይጠቀማሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ብዙዎቹ አሞንያን ያስቀድማሉ።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር አይገኙም። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስድባቸዋል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ዕፅዋቱን ይዞ፣ ማጣሪያው እየሠራ፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየተጨመረበት ያለ ዓሣ ይቆያል። ምግቡ ሲበሰብስ የሚፈጠረው አሞንያ ባክቴሪያዎቹን ይመግባል። አሞንያና ናይትራይት በመመርመሪያ ሲለኩ ዜሮ ሲሆኑና ናይትሬት ሲታይ ገንዳው ዓሣ ለመቀበል ዝግጁ ነው።

ጊዜውን ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ጤነኛ ከሆነ አሮጌ ገንዳ የተወሰደ ስፖንጅ በራሱ ማጣሪያ ውስጥ ቢያስገባ ይረዳዋል። መመርመሪያ የማያገኝ ደግሞ ስድስቱን ሳምንት ሙሉ ጠብቆ፣ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዓሦችን ብቻ አስገብቶ ለሌላ ሁለት ሳምንት መከታተል ይኖርበታል። በ54 ሊትር ገንዳ ውስጥ ካደጉ በኋላ ከአራት ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ከስምንት እስከ አሥር ዓሦች ይበቃሉ። ወርቅማ ዓሣ ግን ትልቅ ስለሚሆን፣ ብዙ ቆሻሻ ስለሚያወጣና ለስላሳ ተክሎችን ስለሚበላ ለእንዲህ ያለ ገንዳ አይሆንም።

ከፍታ፣ ሙቀት እና የመብራት መቋረጥ

በሌሎች አገራት የተዘጋጁ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የማያነሱት አንድ ጉዳይ ከፍታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለው ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። አዲስ አበባና አሥመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየር ግፊታቸው በሩብ ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ተመሳሳይ ውሃ በእነዚህ ከተሞች ከ7 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። እንደ ሞምባሳና ጅቡቲ ባሉ ወደቦች ደግሞ ግፊቱ ሙሉ ቢሆንም ሙቀቱ ኦክስጅንን ይቀንሳል። ውሃው 30 ዲግሪ ሲደርስ የሚይዘው 7.5 ሚሊግራም ያህል ነው። ስለዚህ በደጋም ሆነ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ዓሦችን ቁጥራቸውን አሳንሶ መያዝና የውሃው ገጽ በማጣሪያው ኃይል በቀስታ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ይገባል።

በደጋ ከተሞች የቤት ውስጥ ሙቀት በሌሊት ከ20 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ሞቃታማ ውሃ የሚወዱ ዓሦች ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል። ማሞቂያ የሌለው ሰው ቀዝቀዝ ያለ ውሃ የሚስማማውን፣ ከቻይና ተራሮች የመጣውን ዋይት ክላውድ የተባለ ትንሽ ዓሣ ሊመርጥ ይችላል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን በዚህ ሙቀት ዕድገታቸው ቢዘገይም ይኖራሉ።

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ በአነስተኛ ብርሃን የለመዱ ዕፅዋት ለጥቂት ቀናት በጨለማ ቢቆዩ ጉልህ ጉዳት አይደርስባቸውም። አደጋው ለዓሦቹና ለባክቴሪያዎቹ ነው። ዕፅዋት በጨለማ ኦክስጅን ከመስጠት ይልቅ ራሳቸው ይጠቀማሉ፤ ማጣሪያው ሲቆምም ውሃው አይናወጥም። መብራት በጠፋበት ጊዜ ዓሦችን አለመመገብ፣ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ከታዩም ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያም ጥሩ መጠባበቂያ ነው።

ተዘግቶ የሚሠራ ማጣሪያ ለብዙ ሰዓታት ከቆመ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በኦክስጅን እጦት ይሞታሉ። እንደገና ሲነሳ የተበከለውን ውሃ ወደ ገንዳው እንዳይረጭ አስቀድሞ ከፍቶ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። በገንዳው ውስጥ የሚቀመጥ ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ሳምንታዊ እንክብካቤ

በሳምንት አንድ ጊዜ ከውሃው ሩብ ያህሉን መቀየር ለአብዛኛው ገንዳ በቂ ነው። በ54 ሊትሩ ገንዳ ይህ ከ12 እስከ 13 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባልዲ ያህል ነው። አዲሱ ውሃ ክሎሪን የሌለውና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። የማጣሪያው ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በወጣው ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ አለዚያ ስድስት ሳምንት የተጠበቁት ባክቴሪያዎች በአንድ ደቂቃ ያልቃሉ።

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሰጣል። ከምግቡ የሚገኘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለዕፅዋቱ ይተርፋል። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየምና ብረት ሲሆን፣ እነዚህን የያዘ ፈሳሽ ማዳበሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ በአምራቹ ከታዘዘው መጠን በግማሽ መጨመር ይበቃል።

የጎደለውን ለማወቅ ቅጠሎቹን ማንበብ ይቻላል። አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን፣ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካወጡ ደግሞ ፖታሲየም እንዳነሰ ይገመታል። ተክሉ እነዚህን ንጥረ ነገሮች ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ነው። ብረትን ግን ማዘዋወር ስለማይችል እጥረቱ የሚታየው በአዲሱ ቅጠል መገርጣት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወቱን የሚሸፍነው ቡናማ ብናኝ በአብዛኛው ራሱ ይጠፋል። በአኑቢያስ ቅጠል ላይ የሚጣበቀው አረንጓዴ ነጠብጣብ ወይም ጥቁር ጢም መሳይ ዋቅላሚ ግን ብርሃኑ እንደበዛ ወይም ገንዳው እንደቆሸሸ ይጠቁማል። የመብራቱን ሰዓት ወደ ስድስት መመለስ፣ የተጎዳውን ቅጠል መቁረጥ፣ ምግብ መቀነስ እና ቀንድ አውጣዎችን ማስገባት ከኬሚካል ይልቅ ዘላቂ ውጤት አላቸው። መዳብ ያለባቸው የዋቅላሚ ማጥፊያዎች ቀንድ አውጣዎችንና ሽሪምፖችን እንደሚገድሉም መዘንጋት የለበትም።

ከመስታወቱ ውጭ ያለው ኃላፊነት

እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን፣ ወደ ሌሎች አህጉራት የተስፋፋው በአብዛኛው ሐምራዊ አበባው ለጌጥ ተወድዶ ነው። በኢትዮጵያ እአአ በ1965 በቆቃ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ መኖሩ ተመዝግቧል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተስፋፍቶ ጀልባዎችን አግዷል፤ የዓሣ ማስገሪያ ዳርቻዎችንም ዘግቷል። በጣና ዳርቻ አርሶ አደሮች አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ ኖረዋል።

በኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ በ1960ዎቹ የተስፋፋው ሳልቪኒያ የተባለ ተንሳፋፊ ተክልም መነሻው ብራዚል ነው። የዚህ ወገን የሆኑ ተንሳፋፊ ተክሎች ዛሬም ለአኳሪየም ይሸጣሉ። እአአ በ2020 ደግሞ በኬንያ የምዌያ የሩዝ መስኖ፣ በዓለም የአኳሪየም ገበያ ከሚታወቁት ቀንድ አውጣዎች አንዱ የሆነው የደቡብ አሜሪካ ወራሪ ዝርያ ተገኝቷል።

ብዙ የውሃ ዕፅዋት ዘር ሳያስፈልጋቸው ከተቆረጠ ግንድ ብቻ ያድጋሉ። ስለዚህ ከገንዳ የተቆረጠ ቅጠልና ግንድ ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ፍሳሽ መስመር መጣል የለበትም። በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ መቅበር ወይም ከብስባሽ ማዳበሪያ ጋር መቀላቀል ይቻላል። ከገንዳው የወጣው ውሃም ለጓሮ አትክልት ወይም ለአበባ ማሰሮ ቢፈስ በውስጡ ያለው ናይትሬት ማዳበሪያ ይሆናል። ባለቤቱ ማሳደግ ያልቻላቸው ዓሦች ወደ ሻጩ ይመለሳሉ ወይም ለሌላ ሰው ይሰጣሉ እንጂ በሐይቅ አይለቀቁም።

ጥንቃቄው ከሐይቅ ወደ ቤት በሚመጣው ነገር ላይም ይሠራል። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ በክልሉ ብዙ ሐይቆችና ቦዮች በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወደ ውሃው ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። በነፃ የተነቀለ የሐይቅ ተክል በቅጠሉ ላይ እንዲህ ያለውን ቀንድ አውጣ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ተክሎችንና ቀንድ አውጣዎችን በአኳሪየም ውስጥ ካደጉ ምንጮች ብቻ መውሰድ ያስፈልጋል። ውሃ ለመቅዳት ቱቦን በአፍ መሳብም መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ክፍት ቁስል ያለው እጅ ወደ ገንዳው መግባት የለበትም፤ ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ የሚተላለፉ ባክቴሪያዎች አሉና።

አዲስ የተገዛ ተክል ወደ ዋናው ገንዳ ከመግባቱ በፊት በሌላ ዕቃ ለሁለት ሳምንት ቢቆይ የተደበቁ እንቁላሎችና ተባዮች ይታያሉ። ከስድስት ወር በኋላ በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙ የሚሠራ ነገር አይኖረውም፦ በሳምንት አንድ ባልዲ ውሃ፣ በየዕለቱ ቁንጥር ምግብ፣ በወር አንድ ጊዜ የሚቆረጡ ጥቂት አሮጌ ቅጠሎች፤ እነርሱም ወደ ፀሐይ፣ ከዚያም ወደ አፈር የሚሄዱ።